የቅዳሜው ዘፈን እንዳይቋረጥ

ዓርብ ጠዋት ከድሬዳዋ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የልጅነት ጓደኛዬ ልጅ ነበር። ድምፁ ቁርጥ የአባቱን ስለሆነ ጓደኛዬ ራሱ መስሎኝ፣ «አንተ ሰው፣ በጠዋት ምን ፈለግህ?» አልኩት። ልጁ መሆኑን ሲነግረኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አባዬ ሌሊት አረፈ» አለኝ። «ዛሬውኑ እንቀብረዋለን፤ ሙቀቱ አያቆይም። ለአክስቴ ግን እንዳይነገራት። እኔ ነገ ማታ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ እሑድ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነን እናረዳታለን። እስከዚያ እርስዎ አሉ ብዬ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያችው የመጨረሻዋ ቃል ከሞቱ እኩል ከበደችኝ።

አክስቱ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ካዛንቺስ ውስጥ እኔና እሳቸው የምንኖርባቸው ሁለት ቤቶች በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተለያዩ ናቸው፤ እሳቸው ሲያስሉ እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ልጄን ስቆጣ እሳቸው ይሰማሉ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ባላቸው የሞቱ ጊዜ አንዲት ምላሷን መግታት የማትችል ሴት፣ መርዶ አርጂዎቹ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አግኝታቸው «አይዞዎት፣ እግዜር ያጽናዎት» አለቻቸው። እዚያው አስፋልቱ ዳር ወደቁ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ግራ እጃቸው የድሮው እጅ አልነበረም፤ ዛሬም ብርጭቆ አይዝም። ሐኪሙ ዳግመኛ ክፉ ወሬ በድንገት እንዳይሰሙ ብሎ ቤተሰቡን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ለእኛ መርዶ ወግ ለማሟላት ብቻ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ደጋፊ በሌለበት፣ ብቻቸውን ከሰሙ ሁለተኛ እንደማይነሡ ሁላችንም እናውቃለን።

ድሮ ቢሆን የእድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ሰው ወዲያው ይሞላ ነበር። አሁን ግን ከእኛ በታች ያለው ሰፈር ፈርሷል። የእድሩ አባል ግማሹ በከተማው ዳርቻ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል፤ በሥራ ቀን ንጋት ላይ ካዛንቺስ ድረስ መድረስ አይችልም። የእኛም አጥር ላይ የሚፈርስ ቤት ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም ከተቀባ ቆይቷል። ቀን ቀን የእስካቫተሩ ድምፅ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንቀጠቀጣሉ። ሰው ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ ሌላ ምስጢር ተጨመረበት።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን ኡራኤል አካባቢ አንድ ካፌ ተቀመጥን። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ባለሱቁ ሐጂ፤ እና እኔ። ኡራኤል ድረስ የሄድነው ሰፈር ውስጥ ሦስት ሽማግሌ አንገት ለአንገት ገጥሞ ሲንሾካሾክ እትዬ ካዩ ነገሩ ስለሚያበቃ ነው።

«ማንም ምንም አይለውጥ» አለ ዳኛው። «የሚስቀው ይሳቅ፣ የሚጣላው ይጣላ። አንተም ነገ ዘፈንህን ትከፍታለህ።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ እንጂ ሌላ ማን ዘፈን አለው?»

«የሰውየው አፈር ሳይደርቅ ዘፈን አልከፍትም» አልኩ።

«ካልከፈትክ ያን ጊዜ እትዬን ገደልካቸው።»

ሐጂ ሻዩን እያማሰለ ሳቅ አለ። «ወንድሜ፣ ስንት ዘመን ሙሉ ያ ዘፈንህ ከሱቄ ድረስ እየገባ ሲያውከኝ አንድ ቀን እንኳ ዝጋው አላልኩህም። ነገ ግን ክፈተው ብዬ እለምንሃለሁ። ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ።»

ዘፈኑ ምን እንደሆነ ልናገር። እኛ ሃምሳዎቹ፣ ፈረንጆቹ ስልሳዎቹ በሚሉት ዘመን ጓደኛዬ ምድር ባቡር ተቀጥሮ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ይመላለስ ነበር። አዲስ አበባ ሲሆን እኅቱ ዘንድ፣ አሁን እትዬ የሚኖሩበት ቤት ያርፋል። አጭር ሞገድ የሚይዝ ራዲዮ ነበረው። የውጭ ጣቢያዎች በየሳምንቱ የዘፈኖችን ደረጃ ሲያሳውቁ ጆሮውን ራዲዮው ላይ ለጥፎ ይሰማል፤ ከዚያ ወደ ግቢው ወጥቶ፣ የፈተና ውጤት እንደሚለጥፍ የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ «የሳምንቱ አንደኛ ታወቀ!» ይለናል። የዘፈኑ ሸክላ ከጅቡቲ በባቡር እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ስለሚያልፍ፣ እኛ እጅ ሲገባ ያ ዘፈን እዚያ በአገሩ ከአንደኝነት ወርዶ፣ አንዳንዱም ፈጽሞ ተረስቶ ነበር። እኛ ግን ይህን አናውቅም። ጓደኛዬ አንደኛ ነው ካለ አንደኛ ነው። ፀጉራቸውን ግንባራቸው ላይ ያወረዱ የእንግሊዝ ጎረምሶች ነበሩ፤ እያጨበጨቡ የሚቀባበሉ ሦስት አራት ሴቶች ነበሩ፤ አልቅሶ የሚዘፍን ጣልያን ነበር።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛን የተማርኩት በራሴ ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ እነዚያን ዘፈኖች ቃል በቃል ፈታኋቸው። ፈትቼ ስጨርስ አዘንኩ። አንድ ልጅ አንዲት ልጅ ይወዳል፣ እሷ ትሄዳለች፣ ወይም ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ለልጆቼም ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፦ ዓለም ሁሉ አንደኛ ያለው ነገር ውስጡ ሲከፈት ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን አሁንም አምናለሁ። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ እንደምወደው ግን ለልጆቼ አልነገርኳቸውም።

ጓደኛዬ ድሬዳዋ ላይ ትዳር ይዞ ለሁልጊዜው ሲሄድ ሸክላዎቹን ከነማጫወቻው ለእኔ ሰጠኝ። የእትዬ ባል ቤት ውስጥ ዘፈን አይወዱም ነበርና። «ሸክላው ያንተ ነው፤ ድምፁ የእሷ ነው» አለኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮትህን ከፍተህ አሰማት።» እሺ አልኩ። እሺ ያልኩትን ነገር አልተውኩም። ከዐቢይ ጾምና ከሰፈር ለቅሶ በቀር ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቴ ዝም ብሎ አያውቅም። ከዚህ የተነሣ ጾም ሳይሆን ዝም ካለ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ «ዛሬ ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል። በለቅሶ ጊዜ ዘፈን የከፈተ ጎረምሳ ቤት ገብቼ ሶኬቱን ነቅዬ የወጣሁበት ጊዜም አለ፤ አባቱ አመስግኖኛል። ዳኛው ያስጨነቀኝ በዚህ ነው። ዝም ብል ለእትዬ መርዶ ነው። ብከፍተው ደግሞ ለወዳጄ ሬሳ ያላዘንኩ ሰው ነኝ።

ማታ ልጄ ደምበል ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ነገርኳት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ነን። እትዬ አሳድገዋታል ማለት ይቻላል፤ አፏን በመዳፏ ይዛ ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ማለቴ… አንተ መዋሸት ትችላለህ እንዴ?» አለችኝ።

«አልዋሽም። ዘፈን መክፈት ውሸት አይደለም።»

«ኦኬ፣ ቢጠይቁህስ?»

«አይጠይቁኝም።»

«ቢጠይቁህስ አባዬ?»

እሷና ወንድሞቿ በልጅነታቸው በሌላ ጥፋት ሁሉ ምክር፣ በውሸት ግን ቀበቶ እንደሚጠብቃቸው አውቀው ነው ያደጉት።

«በቃ መብራት ጠፋ በል» አለች። «እኔ ብሬከሩን አወርደዋለሁ።»

«የእሳቸው አምፖል እየበራ?»

«ኡፍ፣ እሱስ አለ ለካ።» ከዚያ ግድግዳውን አየች። ከማዶ የእትዬ ሳል ተሰማ። ሁለታችንም የቃጠሎ ሽታ እንደሸተተው ሰው ከግድግዳው ራቅ አልን።

ቅዳሜ ሰፈሩ ደስ አይልም ነበር። ዳኛው ማንም ምንም አይለውጥ ብሎ ነበር፤ ሰው ግን ርኅራኄውን መደበቅ አይችልበትም። በፍሳሽ ቱቦ ምክንያት ከእትዬ ጋር ሰላምታ ካቋረጡ የቆዩት ሴትዮ ገና በጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» አሏቸው። ከእኛ በላይ በኩል የምትኖረው ወጣት ሳትጠየቅ ደጃፋቸውን ጠረገችላቸው። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጥግ ሄዱ፤ ማን እንዳባረራቸው አላየሁም። በበራቸው የሚያልፍ ሁሉ እርምጃው ይፈጥናል፣ ሳቁ ይበዛል። እኔ በመስኮቴ ሆኜ ይህን ሁሉ ሳይ፣ የሰፈሩ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አሮጊቷን ወደ ገደል እየሸኛቸው መሰለኝ። እትዬ ደጃፋቸው ላይ፣ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው ሰዉን ያያሉ፣ መልሰው ያቀረቅራሉ።

እኩለ ቀን ላይ እስካቫተሩ ቆመ። ድምፁን ስንረግም የከረምነው ሰዎች፣ ሲቆም ደግሞ ጭጭ ያለው ነገር አስፈራን። ከዚያ በላይ ዝም ብል አደጋ ስለነበር መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሸክላ አወጣሁ።

መጀመሪያ የእንግሊዞቹን አደረግሁ። ከበሮው ሲጀምር እጄ ከማጫወቻው አልላቀቅም አለ። ወዳጄ ድሬዳዋ መሬት ውስጥ ሆኖ እኔ እሱ አንደኛ ናቸው ያላቸውን ጎረምሶች አስጮሃለሁ። ሁለተኛውን አስከተልኩ። ሦስተኛውን ላስቀምጥ ስል በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ናቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ የበራችንን ደረጃ ወጥተው አያውቁም ነበር። ልጄ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ደገፈቻቸው።

«እትዬ፣ ምነው? ይጥሩኝ አልነበር?»

«አንቺን ጠርቼ ምን ልታደርጊልኝ፣ የኔ ጉድ? ዘፈን ልሰማ ነው የመጣሁ። ከደጅ ሆኜ አልጥምሽ አለኝ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «የሱን አድርግልኝ» አሉኝ።

የሱ የሚሉት ያን የሴቶቹን ነው፤ በዚያ ዓመት ለብዙ ሳምንት ከአንደኝነት ያልወረደውን። አወጣሁት። መርፌው ላዩ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ አቧራው ተንጫጫ፣ ከዚያ ጭብጨባው መጣ።

«ይቺ የመጣች ቀን ዶፍ ይጥል ነበር» አሉ። «ሸክላዋ እንዳትረጥብ ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጧት ከጣቢያው እስከዚህ በእግሩ መጣ። በሰበሰች፣ አለቀች ብዬ ስስቅበት፣ አውጥቶ አሳየኝ፤ ደረቅ። ከዚያ እዚያ ግቢ ጭቃ ላይ ቱዊስት አስጨፈረኝ። ጫማዬ ተጣብቆ ቀረ! ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«አንተማ መዝገበ ቃላትህን ይዘህ ጥግ ላይ ኩርምት ብለህ ነበር።» ልጄን አዩ። «አባትሽ ያን ጊዜም ሽማግሌ ነበር።»

ልጄ ልትስቅ ሞከረች። አልሆነላትም፤ ሻይ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ግን ገብታ አልቀረችም፣ መጋረጃው ሥር እግሯ ይታየኝ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። መርፌው መሐል ላይ እየዞረ ይፍቃል። ልነሣ ስል እትዬ በቀኝ እጃቸው ክንዴን ያዙ።

«ትናንት እንደ ልማዱ አልደወለልኝም። እኔም ስደውል ዝግ ነው። አንተ ቀጣፊ አይደለህም፤ እስቲ ንገረኝ። ወንድሜ ደህና ነው?»

እውነት ሆነው ምንም የማይናገሩ ቃላት ፈለግሁ። ስልኩ ዝግ ነው ልል ነበር፤ እሱን እሳቸው ቀድመው ብለውታል። አላውቅም ልል ነበር፤ እሱም ውሸት ነው፣ ያውም ፈሪ ውሸት። መንገዱ ዳር ወድቀው ያየኋቸው ጊዜ ታየኝ። መርፌው ይፍቃል። ሰው ሕይወቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲጠብቅ ኖሮ በአንድ አፍታ ሲጥለው ከባድ ይመስለኝ ነበር። ከባድ አይደለም።

«ደህና ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ትንሽ ደክሞት ይሆናል እንጂ ደህና ነው። ይደውልልዎታል። አይስጉ።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

እትዬ ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ክንዴን ለቀቁኝ። «እሺ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ። በል የቀሩትን ክፈት፤ ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ።» ልጄ ደግፋ አወረደቻቸው። እኔም እንደ ታዘዝኩ የቀሩትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ከፈትኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉ አንደኞች ሁሉ ተራ በተራ ወጡ፣ ዞሩ፣ አለቁ። ከግድግዳው ማዶ ግን የዱካ መጎተት፣ የሳህን ድምፅ፣ ሳል እንኳ አልሰማሁም።

«ተሳካ?» አለችኝ ልጄ።

«ተሳክቷል» አልኩ። እንደተሳካም አምኜ ነበር። በሠራሁት ነገር ማፈሬን ትቼ መኩራት ጀምሬ እንደነበር አልደብቅም።

የጓደኛዬ ልጅ ማታ ገባ። አክስቱ እንዳያዩት ስታዲየም አካባቢ ዘመድ ቤት አሳደርነው። እሑድ፣ ከቂርቆስ በኩል የቅዳሴው ድምፅ ገና ሳይሰማ በፊት፣ መንገዱ ጥግ ላይ ተሰበሰብን። ዳኛው፣ ሐጂ፣ ልጁ፣ በሚኒባስ ተሳፍረው ከየዳርቻው የመጡ የድሮ ጎረቤቶች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሁለት ጠንካራ ወጣቶች እትዬ ከወደቁ እንዲይዟቸው ከፊት ሆኑ። ልጄ መድኃኒታቸውንና ውኃ ይዛለች። ማን ይጀምር፣ ማን አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ሁሉ ተነጋግረን ጨርሰናል። ማንም ድምፅ ሳያሰማ ወደ በራቸው ሄድን። ዳኛው ሊያንኳኳ እጁን አነሣ።

በሩ ክፍት ነበር።

ውስጥ መብራት በርቷል። አግዳሚው ግድግዳ ተደግፎ ተደርድሯል፣ አልጋው ተገፍቶ መሐሉ ባዶ ተደርጓል፣ ወለሉ ተጠርጓል። በአንድ እጅ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው፤ ፊታቸው ግን አንድ ሌሊት ሳይሆን ብዙ ዓመት ያሳለፈ ፊት ነበር።

ያን ጊዜ ያደረስኩት ገባኝ። ብቻቸውን እንዳይሰሙ ብለን ሰፈር ሙሉ ስንማከር ሰንብተን፣ ብቻቸውን እንዲሰሙ አደረግናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ የጭቃ ግድግዳ ማዶ ከሞቱ ጋር ተቀምጠው ነበር፤ እኔ በወዲህ በኩል ተሳክቷል ብዬ ተኝቻለሁ።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እንግዲህ ሁላችንም የእግዚአብሔር ነን፤ ሰው ሆኖ የተፈጠረ…»

«ቆይ፣ የኔ ጌታ» አሉት። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እሱ ይንገረኝ። ትናንት ጀምሮልኛል።»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። ልጄ ምን አደረግህ የሚል ዓይን ነበራት።

«እኔ ምንም አላልኩም፣ እትዬ» አልኩ።

«አላልክም። ግን ስለ ወንድሜ ጠይቄህ ሳትቆጣኝ መልሰህልኝ አታውቅም። ‹ስልክ እጅዎ ላይ አይደለም ወይ፣ ራስዎ አይደውሉም ወይ› ነው የምትለኝ። ትናንት አይስጉ አልከኝ። አንተ! አይስጉ! ሌላውም እንደዚያው ነው፤ ያቺ የቱቦዋ እንኳ ሰላም አለችኝ። ስትደክሙ እያየሁ እንዴት ላፍርሰው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን በል፣ ንገረኝ።»

ከዱካቸው ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ወጉ በሰፊው ተዟዙሮ፣ በሌላ ሰው ሞት፣ በመጽሐፍ ቃል ተጀምሮ መድረስ ነበር። እኔ ግን ሌላ ውሸት ለመጨመር አቅም አልነበረኝም።

«ወንድምዎ አርፏል» አልኩ።

«መቼ?»

«ዓርብ ሊነጋ ሲል።»

«ታሞ ነበር?»

«ልቡ ነው። ተኝቶ ነው የሄደው።»

«ቀበራችሁት?»

«በዚያው ቀን፣ እዚያው ድሬዳዋ።»

«ማን አለቀሰለት?»

ልጁ ከኋላዬ ወጣና እግራቸው ሥር ወደቀ። እትዬ ጎንበስ ብለው ፊቱን በቀኝ እጃቸው ቀና አደረጉ፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ትናንት ዘፈኑ ሲዘፈን፣ ያን ጊዜ አፈር ውስጥ ነበር?»

ዳኛው ትከሻዬን ጨበጠኝ፤ ተው ማለቱ ነው።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ። «አፈር ውስጥ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።